ረቂቁ አልቋል፤ ተበድሬ ላሳትም ወይስ ልቆይ?

መምህርት ዘፍኖተ ሰላም፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ በኤ ፋይቭ መጠን ሲቀናበር 211 ገጽ ይመጣል። ሐሳቤ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ተበድሬ አንድ ሺህ ቅጂ ማሳተም ነው። ቅጹን ሞልቻለሁ፣ ዋስም አግኝቻለሁ፣ ግን እጄ አላስገባ አለኝ። አንድ ሺህ መጽሐፍ ለማን ነው የምሸጠው? እዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚገዛውን ሰው ሁሉ በስም አውቀዋለሁ።

ሌላም አለ። ረቂቁ ካለቀ ወዲህ አዲስ ነገር አልጻፍኩም። የፈተና ወረቀት አለ፣ ልጆች አሉ፣ ማታ መብራት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሀል መጻፍን የኑሮ አካል ማድረግ የቻላችሁ ሰዎች እንዴት አድርጋችሁ ነው? ሳታባብሉኝ ንገሩኝ።

ዋሸራ፦

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ስንቱ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ትቶታል።

የብድሩን ነገር የሚያውቁት ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ልማዱ ልናገር። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ጎጃም ያደገ ሰው ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉትን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ሳይሰማ አያድግም፣ ግን ብዙው የሚያውቀው ዝናቸውን ነው። ውስጡ እንዲህ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ያብራራሉ፣ ተማሪው ያዳምጣል። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ይወጣና ዛፍ ሥር ወይ ገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። ቅኔ ቆጠራ የሚባለው ይሄ ነው። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤቱ (ስንኙ) ከተበላሸ ወይ ቃሉ ከሰነፈ እዚያው ይታረማል። ጀማሪ የሚቆጥረው ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ጉባኤ ቃና። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደረሰው ቆይቶ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ መንገር ደግሞ የለም። በየጊዜው አዲስ ነው።

ይህን ወደ አንቺ ስናመጣው፣ ጀማሪ ሁለት ቤት ከተጠየቀ አንቺም በፈተና ሰሞን በቀን አንድ አንቀጽ ይበቃሻል። ግን አንቀጹ አዲስ ይሁን። ያለቀውን ረቂቅ እየከፈቱ ነጠላ ሰረዝ ማዘዋወር እርማት ነው፣ ለእሱ ሌላ ሰዓት ስጪው። ሁለተኛው ልብወለድሽ ዛሬ ይጀመር፣ የመጀመሪያው ይታተም አይታተም ሳትይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትነግሪው ሰው ያስፈልግሻል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ አያድርም። አንድ ሰው ፈልጊ፣ «ጎበዝ» ብሎ የሚያልፍሽን ሳይሆን «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» የሚልሽን። እንዲህ ያለ ሰው ሳይኖር ዓመት ሙሉ ብቻዬን እጽፋለሁ የሚል ሰው እኔ ይከብደኛል።

የዳንግላዋ ነርስ፦

ዋሸራ ልብ ውስጥ የሚገባ ነገር ተናገርክ። እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር። መምህርት፣ ጸጥ ያለ ሰዓት እስኪመጣ አትጠብቂ፣ አይመጣም። እኔ የምጽፈው ማታ ተረኛ ስሆን ነው፣ በሽተኛ ሲጠራኝ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ትቼ እነሳለሁ። ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን። «አሁን አባቷ ገበያ ይወጣል» ብቻ ቢሆን ይበቃል። ስመለስ የት ነበርኩ ብዬ አልደናበርም።

የምጽፈው ጋዋን ኪስ ውስጥ በምትገባ ደብተር ላይ ነው። መብራት አትጠይቅ፣ ኔት አትጠይቅ። ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎቹ አቆሙ። ደብተር የያዙት ግን ቀጠሉ። እረፍት ሳገኝ ወደ ስልክ እገለብጠዋለሁ፣ መገልበጡ ራሱ ደግሞ እርማት ነው፤ ደካማ ዓረፍተ ነገር ለመገልበጥ እጅ ይሰንፋል፣ ያን ጊዜ ይወጣል።

ገጽ አቀናባሪ ባሕር ዳር፦

211 ገጽ ያልሽው ላይ ልቁም፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚቆጥረው በፎርም ነው። አንድ ፎርም ማለት አንድ ላይ ታትሞ የሚታጠፍ 16 ገጽ ነው። 13 ፎርም 208 ገጽ ይሆናል፣ 14 ፎርም 224። አንቺ 211 ላይ ከቆምሽ ሦስት ገጽ አለፈችና ሌላ ፎርም ትከፍያለሽ፣ 13 ባዶ ገጽ ይዘሽ ትወጫለሽ። ግማሽ ፎርም የሚሠሩ አሉ፣ እሱም ቢሆን ወጪ ነው። ሦስት ገጽ መቀነስ ግን ከባድ አይደለም። ምዕራፍ ሲያልቅ ሁለት መስመር ብቻ የቀረበት ገጽ ፈልጊ። ከዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት መስመር ስትቆርጪ አንድ ሙሉ ገጽ ይለቀቅልሻል። ሦስት ቦታ እንዲህ አድርጊ። የርዕስ ገጹን፣ የመብት ገጹንና ማውጫውን በ211 ውስጥ ቆጥረሻቸዋል ወይ? ካልቆጠርሻቸው ሒሳቡ እንደገና ይሠራ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በኦፍሴት፣ በብዛት በሚያትመው ማሽን፣ ማሽኑ ሳይነሳ በፊት የሚወጣ ወጪ አለ። ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት ብረት) 500 ብታሳትሚም 2000 ብታሳትሚም ያው ፕሌት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ የሚወርደው ለዚህ ነው፣ «ሺህ አድርጊው፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው» የሚሉሽም ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው። ግን የአንዱ ዋጋ መርከሱ ገዢ አያመጣልሽም። ሃምሳ ወይ መቶ ከሆነ በዲጂታል ማሽን ይታተማል፣ ፕሌት የለውም። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ከኪስሽ የሚወጣው ጠቅላላ ብር ግን ብድር የሚያስገባ አይሆንም።

ሌላው፣ በምንድነው የጻፍሽው? በድሮው ፓወር ግዕዝ ከሆነ ከአሁኑ ወደ ዩኒኮድ፣ በየኮምፒውተሩ ወደሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ ይቀየር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. ነው፣ ዛሬም ግን በድሮው ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ይመጣልናል። ከተቀየረ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ አለበት።

የፊደል አጠቃቀምሽንም ያዥ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሀገር፣ አገርና ሃገር ሦስቱንም አግኝቻለሁ። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻ በእሱ ሂጂ። ምርጫዎችሽን አንድ ወረቀት ላይ ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊው፣ ፀሐይ በየትኛው ፀ፣ ሠራ በየትኛው ሠ። ኮምፒውተሩ ሃሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ አንድ አድርጎ አያይም፣ ስለዚህ ስትፈልጊ ሁሉንም አጻጻፍ ለየብቻ ፈልጊ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንባቢ ይህን ሲያይ ደራሲው ለሥራው ክብር እንዳለው ያውቃል።

ማርቆሴ፦

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ መጽሐፍም አሳትሜያለሁ። ሐሳቤን በቀጥታ ልንገርሽ፤ ተበድረሽ አታሳትሚ።

ምክንያቱ ጊዜው ነው። ብድሩ ከሚቀጥለው ደመወዝሽ ጀምሮ ይቆረጣል። የመጽሐፉ ብር የሚመጣው ግን ተከፋፍሎ፣ ተሸጦ፣ ከዚያ ተሰብስቦ ነው። አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው ላይ ሠላሳም አርባም በመቶ ይወስዳል፣ መውሰዱም አግባብ ነው፣ ይሠራበታል። ክፍያው ግን ቶሎ አይመጣም። ለምሳሌ እንበል። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ቢሆን፣ አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢይዝ፣ 260 ይደርስሻል። ማሳተሚያው ለአንዱ 200 ብር ቢፈጅ ለሺህ ቅጂ 200 ሺህ ብር አወጣሽ ማለት ነው። ያንን ብር ለመመለስ ብቻ 770 ቅጂ መሸጥ አለበት፣ ወለዱን ሳንቆጥር። ቁጥሮቹን ባገኘሽው ዋጋ ቀይሪና ራስሽ ሥሪው። እጅ በእጅ በ400 ብትሸጪ ደግሞ 500 ቅጂ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፣ እጅ በእጅ የሚገዙሽ 500 ሰዎች አሉ ወይ?

መንገዱንም አስቢ። አዲስ አበባ ካሳተምሽ ካርቶኑ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በደጀን አድርጎ ነው የሚመጣልሽ። መንገድ ሲዘጋ መጽሐፍሽ እዚያው መጋዘን ይከርማል፣ ብድሩ ግን አይከርምም።

ዘገየሁ ብለሽ እንዳትቸኩይ። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ተወልደው ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው። የመንግሥት ሥራ ላይ፣ በዲፕሎማትነት፣ ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። ደግሞ ልብ በይ፣ ያ መጽሐፍ ገበሬው ቤት የገባው በወረቀት ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰማው። ድምፅ ለእኛ አገር ጽሑፍ ትልቅ በር ነው።

አቸፈር፦

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁሉም ሰው ሥራውን ይዞ ሃምሳ ሃምሳ ቅጂ ካሳተመ ጽሕፈት መቼ ነው ሙያ የሚሆነው? አቤ ጉበኛም የእኛው የአቸፈር ሰው ነው። በብዕሩ ለመኖር ከቆረጡት ቀደምት ደራሲያን አንዱ ነው። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ ታግዶበት፣ ራሱም ለግዞት ተዳርጎ መጻፉን አልተወም። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ ቀን ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቼ በዚህ ብቻ ለመኖር ነው የምመኘው። ይህን ምኞት ለሚጽፍ ሰው ሁሉ «ተው» ስንለው ያመኛል።

ማርቆሴ፦

አቤን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል። ድፍረቱን አከብራለሁ፣ ምኞትህንም አከብራለሁ። እሷ ግን የደፈረችው በራሷ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ዋስ አግኝቻለሁ ብላለች። መክፈል ቢያቅታት የሚቆረጠው የባልደረባዋ ደመወዝ ነው። አንተ ሱቅህን ብትዘጋ የምትደፍረው በራስህ ነው፣ ምርቃቴ ይከተልህ። በሰው ዋስትና መድፈር ግን ለመጻፍም ያስቸግራል፤ የጓደኛሽን ፊት በየቀኑ መምህራን ክፍል እያየሽ ምን ዓረፍተ ነገር ይወጣሻል?

መምህርት ዘፍኖተ ሰላም፦

ጋሼ፣ የዋሱ ነገር ልቤን ነካው፣ እንዲያ አላሰብኩትም ነበር። ዋሴ የሦስት ልጆች እናት ናት። ብድሩን ትቼዋለሁ። አቸፈር ወንድሜ፣ አንተም ልክ ነህ፣ ምኞቱን አልተውኩም።

የዲጂታሉን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ግን ሃምሳ ቅጂ አሳትሜ ምን አደርጋለሁ? ሰውስ እንዴት ያውቀዋል? አይ ኤስ ቢ ኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥርስ ለሃምሳ ቅጂ ይወጣል? ፒዲኤፉን ሰርቀው ቴሌግራም ላይ ቢለቁትስ?

መጽሐፍ አዟሪ ጣና ዳር፦

እህት ዓለም፣ እኔ ባሕር ዳር መጽሐፍ እሸጣለሁ። ሰው እንዴት እንደሚገዛ በየቀኑ አያለሁ። መጀመሪያ ሽፋኑን ያያል። ይገለብጥና የጀርባ ሽፋኑን ያነባል። ከዚያ መሀል ላይ ይከፍትና አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ቆሞ፣ ትከሻው ላይ ፌስታል አንጠልጥሎ። ያ አንቀጽ ነው የሚሸጠው። ጀርባው ላይ የትልልቅ ሰዎች ምስጋና ብቻ ከሆነ ብዙው ሰው መልሶ ያስቀምጠዋል። ታሪኩ የት አገር እንደሆነ፣ ማን ምን ገጠመው የሚለውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። ርዕሱና ስምሽ ጎኑ ላይም ይታተም። እኔ የምደረድረው በጎኑ ነው፣ ስም የሌለው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይጠፋል።

ለምረቃ የወር መጨረሻን፣ ደመወዝ የወጣበትን ሳምንት ምረጪ። በወሩ አጋማሽ መምህርና ነርስ መጽሐፍ አይገዛም፣ ያነሳና «ደመወዝ ስቀበል» ብሎኝ ይሄዳል። ከነዚህ ውስጥ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ፒዲኤፉ ይወጣል ወይ ላልሽው፣ ከተወደደ ሊወጣ ይችላል። ሙሉ ፋይሉን ለማንም አትላኪ። ለሚያነብልሽ ሰው በወረቀት አትመሽ ስጪ። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጥበቃው ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ነው፣ ሳታስመዘግቢም ያንቺ ነው። ሰርቆ የለቀቀ ቻናል ስታገኚ ለቴሌግራም አመልክቺ፣ ስክሪን ሾቱንም ያዥ። ግን በእሱ ፍርሃት መጽሐፉን አትደብቂው። እኔ ዘንድ መጥተው «በቴሌግራም ጀምሬው ነበር፣ መጽሐፉ አለ?» የሚሉ ገዢዎችም አሉ።

ገጽ አቀናባሪ ባሕር ዳር፦

ስለ አይ ኤስ ቢ ኤን፣ የሚሰጠው ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ ነው፣ አዲስ አበባ። ለሙከራ ለሰው ለምትሰጪው ሃምሳ ቅጂ አትሩጪ። ለገበያ በምታወጪው እትም ላይ ግን ይኑርሽ፣ የመብት ገጹ ላይና ጀርባው ላይ ባርኮድ ሆኖ ይገባል። ከታተመ በኋላ ለወመዘክር ቅጂ ማስረከብ አለ፣ እሱንም ከሚሸጠው ቁጥር ላይ ቀንሺ።

የዳንግላዋ ነርስ፦

ሃምሳውን ምን ላድርግ ላልሽው፣ እኔ ቢሆን ለአንባቢ ነው የምበትነው። አንዱ ቅጂ በብዙ ሰው እጅ ይዙር። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለሥነ ጽሑፍ ክበቡ። መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ «የት ጋ ሰለቸዎት? የትኛው ሰው ልብዎ ውስጥ ቀረ?» ብለሽ ጻፊና መልሱን እዚያው ላይ ይጻፉልሽ። መጽሐፉ ሲመለስልሽ ያ ገጽ ሞልቶ ታገኚዋለሽ። ስልክ ቁጥር ከስሩ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሲታተም የመጀመሪያው ገዢሽ ነው። ጋሼ 500 ሰው አለሽ ወይ ሲሉ የጠየቁሽን እንዲህ ነው የምትመልሺው፣ አንድ በአንድ እየመዘገብሽ።

አንቺ ደግሞ ትልቅ ነገር እጅሽ ላይ አለ። ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ የለውም? በእረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጥሩ ድምፅ ያለው ተማሪ ከምዕራፍ አንድ ቆርጦ ያንብብ። ታሪኩ የሚጣፍጥበት ቦታ ላይ ይቁም። ልጆቹ ቤት ሄደው ያወራሉ። የአካባቢ ኤፍኤም ላይም የኪነ ጥበብ ሰዓት ይኖራል፣ እንግዳ አጥተው የሚቸገሩበት ሳምንት አለ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያቀርቡ መተግበሪያዎች አሉ፣ ማናገር አይከፋም። ውሉን ግን በጽሑፍ አድርጊ፣ የድምፅ መብቱን ለስንት ጊዜ እንደሰጠሽ በግልጽ ይጻፍ።

አቸፈር፦

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን ዕቁብ አንገባም? እዚህ የምንጽፍ ሰዎች በየወሩ አቅማችንን እናዋጣ፣ ዕጣ የወጣለት ያሳትም። ወለድ የለው፣ ዋስ ላይ የሚወድቅ ሸክም የለው። ዕቁቡ የወጣለትን ሰው መጽሐፍ ደግሞ ሌሎቻችን በየከተማችን እናስተዋውቅ። እሷ ፍኖተ ሰላም፣ ነርሷ ዳንግላ፣ ጋሼ ማርቆስ፣ ዋሸራ ያለበት። አከፋፋይ የማይደርስበት ቦታ እኛ እንደርሳለን።

ዋሸራ፦

ቢቸና ነኝ። ዕቁቡ ውስጥ አለሁ። ግን አንድ ደንብ ይግባ። ዕጣ የወጣለት ሰው ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት ሁለት የዕቁቡ አባላት አንብበው በጽሑፍ አስተያየት ይስጡት። የምናዋጣው ብር ያልታረመ መጽሐፍ ላይ መፍሰስ የለበትም። ዳኛ ደግሞ ጋሼ ይሁኑልን።

ማርቆሴ፦

እሺ፣ ዳኝነቱን ተቀብያለሁ። መዋጮው የማይከብድ ይሁን፣ ነርሷና መምህሯ ከቤት ወጪ ላይ የሚቀንሱት እንዳይሆን። ወጣቱም ሱቁን ሳይዘጋ።

መምህርት ዘፍኖተ ሰላም፦

ዕቁቡ ውስጥ አለሁ፣ ዕጣዬን ግን መጨረሻ አካባቢ አድርጉልኝ። ሃምሳው ቅጂ ዞሮ ሳይመለስልኝ ማሳተም አልፈልግም። ዋሸራ፣ ካላስቸገርኩህ የሚሰማኝ ሰው አንተ ሁንልኝ። ትናንት ማታ በሻማ አዲስ አንቀጽ ጽፌያለሁ፣ ከአዲሱ ታሪክ፣ አሁን እልክልሃለሁ። ገጽ አቀናባሪ፣ የርዕስ ገጹንና ማውጫውን አልቆጠርኳቸውም ነበር። ሲደመር 215 ሆነ። 208 ላይ ለማውረድ ሰባት ገጽ መቁረጥ አለብኝ። ፋይሉን እንዴት ልላክልህ?

ገጽ አቀናባሪ ባሕር ዳር፦

በዎርድ ላኪልኝ፣ ፒዲኤፍ አይሁን። ምዕራፎቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጊ፣ በስፔስ ባር የተገፋ መስመር ካለ አጥፊው። ፊደል መጠኑን እንዳለ ተዪው፣ ገጽ ለመቆጠብ ብለሽ አታሳንሺ፣ ማታ በኩራዝ የሚያነብሽ ሰው አለ። ሰባቱን ገጽ የምትቆርጪበትን ቦታ መጀመሪያ አንቺ ምረጪ። ያቃተሽን ምልክት አድርጊበት፣ አብረን እናየዋለን።